በእህል መጋዘን ውስጥ የተተከለን ትንሽ ኮምፒውተር በላፕቶፕ ከርቀት ስለ መቆጣጠር

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን በቆሎ ወይም ስንዴ ከተረከበ በኋላ እህሉ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ለወራት በመጋዘን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አይታይም። ነቀዝ ሲራባ ወይም በደንብ ያልደረቀ እህል መሻገት ሲጀምር በክምሩ ውስጥ ሙቀት ይፈጠራል። እህል ሙቀትን ቶሎ የሚያስተላልፍ ነገር ስላልሆነ መካከል ላይ የተነሣው ሙቀት በዳር ባሉት ጆንያዎች ላይ ወዲያውኑ አይታወቅም። ስለዚህ የመጋዘን ኃላፊው በእጁ ዳስሶ ደህና ነው ያለው ክምር መካከሉ እየተበላሸ ሊሆን ይችላል። ችግሩ በዓይን የሚታይበት ደረጃ ላይ ሲደርስ የአባላቱ ድካም አንድ ክፍል ጠፍቷል ማለት ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል ከሚረዱት ዘዴዎች አንዱ በክምሩ ውስጥ የሙቀት መለኪያዎችን አስቀምጦ ከአንድ ትንሽ ኮምፒውተር ጋር ማያያዝ ነው። ትንሹ ኮምፒውተር ሌሊትና ቀን እየለካ ይመዘግባል። ነገር ግን በመጋዘኑ ውስጥ ሲተከል ስክሪንም ሆነ ኪቦርድ አይኖረውም። ትእዛዝ የሚቀበለውና የመዘገበውን የሚያስረክበው በሌላ ኮምፒውተር፣ ይኸውም በልማት ሠራተኛው ወይም በማኅበሩ ላፕቶፕ አማካይነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ግንኙነት እንዴት እንደሚጀመር፣ እንዴት እንደሚጠበቅና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ማስረዳት ነው።

አንባቢው ከሁሉ በፊት ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከርቀት መቆጣጠር ማለት መሣሪያውን በላፕቶፕ ገመድ አስሮ መያዝ ማለት አይደለም። መሣሪያው ላፕቶፑ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ተቋርጦ፣ የልማት ሠራተኛውም መንገድ ላይ ሆኖ ሥራውን መቀጠል መቻል አለበት። ግንኙነቱ የሚያስፈልገው ለማየትና ለማረም ነው።

2. ስለ መሣሪያው

በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የምንወስደው ራስቤሪ ፓይ የተባለውን ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ነው። ይህ መሣሪያ በእንግሊዝ አገር ታቅዶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ ቀረበ። የታሰበው ወጣቶች የኮምፒውተርን ሥራ እንዲማሩበት ቢሆንም ዋጋው ዝቅተኛ፣ የሚፈጀውም ኃይል ትንሽ በመሆኑ ለመለካትና ለመቆጣጠር ሥራ በብዙ አገር ገብቷል።

ራስቤሪ ፓይ 4 የተባለው ዓይነት 85 ሚሊ ሜትር በ56 ሚሊ ሜትር ሲሆን 5 ቮልትና 3 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዜሮ 2 ደብልዩ ደግሞ 65 ሚሊ ሜትር በ30 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን 5 ቮልትና 2.5 አምፔር ይበቃዋል። የሙቀት ንባብ ለመመዝገብ ይኸኛው በቂ ነው። ሆኖም ዜሮ 2 ደብልዩ የሚያውቀው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ብቻ ስለሆነ ራውተሩ ወይም የሞባይሉ ሆትስፖት በዚህ መሥመር ላይ መደረጉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በሰሌዳው ላይ ለ40 ሹካዎች የሚሆን ቦታ አለ። መለኪያዎች የሚያያዙት በእነዚህ ነው። የመረጃ ሹካዎቹ ከ3.3 ቮልት በላይ አይችሉም። በስሕተት 5 ቮልት የተለቀቀበት ሹካ ሰሌዳውን በሙሉ ሊያቃጥል ስለሚችል ሽቦ የሚታሰረው መሣሪያው ከኃይል ተነቅሎ መሆን አለበት።

3. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ. ትንሹ ኮምፒውተርና ለእርሱ የተመደበው ቻርጀር
ለ. ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሆነ ማይክሮ ኤስዲ ሚሞሪ ካርድ
ሐ. ዲኤስ 18ቢ20 የሚባሉ ውሃ የማያስገቡ የሙቀት መለኪያዎች 5፣ ከአንድ ባለ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር
መ. በሲም ካርድ የሚሠራ የዋይፋይ ራውተር
ሠ. ባትሪ ያለው የሰዓት መጠበቂያ ሰሌዳ
ረ. መብራት ሲጠፋ የሚተካ ፓወር ባንክ ወይም ሌላ ባትሪ
ሰ. አቧራ የማያስገባ የፕላስቲክ ሳጥንና ለሽቦው መከላከያ የሚሆን ቱቦ
ሸ. ላፕቶፕና የካርድ ማንበቢያ

የተጠቀሰው የሙቀት መለኪያ ከዜሮ በታች 10 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውስጥ ስሕተቱ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም። እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ቁጥር ተሰጥቶት ስለሚመጣ ብዙዎቹን በአንድ ባለ ሦስት ሽቦ መሥመር ላይ ማያያዝ ይቻላል። ቱቦው የተጠቀሰው ስለ አይጥ ነው። በመጋዘን ውስጥ የተዘረጋ ያልተሸፈነ ሽቦ ብዙ አይቆይም። ፓወር ባንክ ሲገዛ ደግሞ እየተሞላ በዚያው ጊዜ ኃይል መስጠት መቻሉ መሞከር አለበት። አንዳንዶቹ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሠሩም።

4. በቢሮ የሚደረግ ዝግጅት

መሣሪያው ወደ መጋዘን ከመወሰዱ በፊት ሁሉም ነገር በቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቶ ሊሞከር ይገባል። በጠረጴዛ ላይ 5 ደቂቃ የሚፈጅ እርማት በመጋዘን አንድ ቀን ሊያባክን ይችላል።

በመጀመሪያ ራስቤሪ ፓይ ኢሜጀር የተባለው ፕሮግራም በላፕቶፑ ላይ ይጫናል። ካርዱ ከላፕቶፑ ጋር ከተያያዘ በኋላ የመሣሪያው ዓይነትና የሚጫነው ሥርዓት ይመረጣል። ስክሪን ለሌለው ሥራ ላይት የተባለው ቀላሉ ዓይነት ይመረጣል። ፕሮግራሙ በካርዱ ላይ ከመጻፉ በፊት የሚሞሉ ዝርዝሮች አሉ። እነዚህም የመሣሪያው ስም፣ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል፣ የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል፣ የሰዓት ክልል እንዲሁም ኤስኤስኤች የተባለው የርቀት መግቢያ እንዲከፈት የሚያዝዘው ምልክት ናቸው። የመጨረሻው ከተዘነጋ መሣሪያው ቢሠራም ከላፕቶፕ ሊገባበት አይቻልም።

ስለ ተጠቃሚ ስምና ስለ ይለፍ ቃል አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በቀድሞዎቹ ዓመታት ይህ መሣሪያ ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በፋብሪካ የተሰጣቸውን የይለፍ ቃል ያልለወጡ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት እየያዘ በኢንተርኔት ላይ ከፍተኛ ጉዳት አደረሰ። በዚያው ዓመት የራስቤሪ ፓይ አዘጋጆች የርቀት መግቢያው ተዘግቶ እንዲመጣ አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የጋራውን ስምና የይለፍ ቃል ጨርሰው አስቀሩት። ስለሆነም የማኅበሩን ስም፣ 1234ን ወይም የሊቀ መንበሩን ስልክ ቁጥር የይለፍ ቃል አድርጎ መስጠት ሌሎች ያስወገዱትን ስሕተት መልሶ ማምጣት ነው።

5. የመጀመሪያው ግንኙነት

ኤስኤስኤች ሁለት ኮምፒውተሮች በምስጢር የሚነጋገሩበት ዘዴ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ ያዘጋጀው ታቱ ኢሎነን ሲሆን ምክንያቱም በሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የሚያልፉ የይለፍ ቃሎች በመሰረቃቸው ነበር። በዚህ ዘዴ የሚላከው ሁሉ ስለሚመሰጠር በመካከል የሚያዳምጥ ሰው ምንም ሊያነብ አይችልም። የሚተላለፈው ጽሑፍ ብቻ በመሆኑ ደካማ በሆነ የሞባይል ኔትወርክም ይሠራል። ቪኤንሲ የተባለው ሌላው ዘዴ የመሣሪያውን ሙሉ ስክሪን ምስል ያመጣል፤ ነገር ግን ብዙ ዳታ ስለሚበላ ለመጋዘን ሥራ አንመርጠውም።

ለግንኙነቱ ላፕቶፑና ትንሹ ኮምፒውተር በአንድ ዋይፋይ ላይ ይደረጋሉ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ፓወርሼል የተባለው መስኮት ይከፈታል። በሊኑክስና በማክ ደግሞ ተርሚናል የሚባለው ነው። በዚያም ውስጥ በላቲን ትናንሽ ፊደላት ኤስኤስኤች ተብሎ ይጻፋል። ቀጥሎ አንድ ባዶ ቦታ ይተውና የተጠቃሚው ስም፣ ከእርሱ ጋር ሳይለያይ @ ምልክት፣ ቀጥሎም የመሣሪያው ስም፣ ነጥብና ሎካል የሚለው ቃል ይጻፋል። ከዚያም ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ይጫናል።

በመጀመሪያው ጊዜ ላፕቶፑ የመሣሪያውን የመለያ አሻራ አሳይቶ እንቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አዎን ሲባል አሻራውን ይመዘግባል። ወደፊት አሻራው ተለውጧል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። ካርዱ እንደ አዲስ ተጽፎ ከሆነ ችግር የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ካልተሠራ ግን በመሣሪያው ቦታ ሌላ ነገር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱ ሳይታወቅ የይለፍ ቃል መስጠት አይገባም።

የይለፍ ቃሉ ሲጻፍ በስክሪኑ ላይ ምንም ምልክት አይታይም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ በጥንቃቄ ጽፎ ኢንተርን መጫን ነው። ግንኙነቱ እምቢ ካለ በቅደም ተከተል የሚታዩት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

- መሣሪያው ኃይል ከተሰጠው ጥቂት ደቂቃዎች አልፈዋል ወይ? የመጀመሪያው አነሣሥ ጊዜ ይወስዳል።
- ላፕቶፑና መሣሪያው በእርግጥ በአንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው ወይ?
- በስሙ ካልተገኘ በራውተሩ ዝርዝር ውስጥ የመሣሪያው ቁጥራዊ አድራሻ ተፈልጎ በስሙ ፋንታ ይጻፋል።
- ይህ ሁሉ ካልሠራ የዋይፋዩ ስም ወይም የይለፍ ቃል በተሳሳተ መንገድ ተሞልቶ ይሆናልና ካርዱ እንደገና ይጻፋል።

6. በይለፍ ቃል ፋንታ ቁልፍ ስለ መጠቀም

ግንኙነቱ ከተሳካ በኋላ የይለፍ ቃልን በቁልፍ መተካት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ በአንድ ትእዛዝ ሁለት ተጓዳኝ ፋይሎችን ይፈጥራል። አንደኛው የአደባባይ ቁልፍ ይባላል። ይህ እንደ ጓጉንቸር ነው፤ በመሣሪያው በር ላይ ይንጠለጠላል፣ ማንም ቢያየው ጉዳት የለውም። ሁለተኛው የግል ቁልፍ ነው። ይህ ጓጉንቸሩን የሚከፍተው ስለሆነ ከላፕቶፑ አይወጣም፣ በቴሌግራም ወይም በፍላሽ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

በቁልፍ መግባት መቻሉ በሚገባ ከተሞከረ በኋላ በይለፍ ቃል ከርቀት መግባት ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት። ቁልፉ ሳይሞከር የይለፍ ቃሉን በር የዘጋ ሰው ራሱን ውጭ ያስቀራል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። የልማት ሠራተኛ ይዛወራል፣ የማኅበር አመራር ይለወጣል፣ ላፕቶፕም ይሰረቃል። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል የሚገቡ ከሆነ አንዱ ሲሄድ ለሁሉም መለወጥ የግድ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጓጉንቸር በመሣሪያው ላይ ካለው ግን የሄደው ሰው አንድ መሥመር ብቻ ከዝርዝሩ ይሰረዛል። ስለዚህ ቁልፍ ለሰው እንጂ ለመሥሪያ ቤት በጋራ አይሰጥም።

7. የመለካቱን ሥራ ለመሣሪያው ስለ መስጠት

በላፕቶፕ ገብቶ የሙቀት መለኪያውን ማንበብ ለሙከራ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኔትወርኩ ሲቋረጥ ከላፕቶፑ የተጀመረው ሥራ አብሮ ሊቋረጥ ይችላል። ስለሆነም ንባቡ ክሮን ለተባለው የመሣሪያው የራሱ ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም መሰጠት አለበት። በእህል ክምር ውስጥ ሙቀት የሚለወጠው ቀስ እያለ በመሆኑ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ መለካት በቂ ነው።

የአምስት መለኪያዎች አንድ ንባብ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር 50 ፊደል ገደማ ይሆናል። በቀን 24 ንባብ ቢመዘገብ የወሩ ጠቅላላ ከ40 ኪሎባይት አይበልጥም። ይህ ፋይል ኤስሲፒ በተባለው ትእዛዝ ወደ ላፕቶፕ ሲቀዳ የሚፈጀው ዳታ ከአንድ የሞባይል ፎቶግራፍ ያነሰ ነው። ልማት ሠራተኛው በሳምንት አንድ ቀን ቢያመጣው ይበቃል።

ስለ ሰዓት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከራስቤሪ ፓይ 5 በፊት የወጡት ዓይነቶች የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፤ ሰዓትን የሚያገኙት ከኢንተርኔት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ የተሳሳተ ቀን ይመዘግባሉ። ራስቤሪ ፓይ 5 ሰዓት ቢኖረውም ባትሪው ለብቻው የሚገዛ ነው። በዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ የሰዓት መጠበቂያ ሰሌዳ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጥራል፣ ቀኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል። በፋይሉ ላይ 06፡00 ተብሎ የተመዘገበው በእኛ ከጧቱ 12 ሰዓት ነው። ይህን ለመጋዘን ኃላፊው አስቀድሞ ማስረዳትና የእርሱን መዝገብ ከመሣሪያው ጋር ለማስተያየት ሁለቱንም ቀኖች ጎን ለጎን መጻፍ ይገባል።

8. ከሌላ ከተማ ሆኖ ስለ መግባት

እስካሁን የተነገረው ላፕቶፑ በመጋዘኑ ዋይፋይ ላይ ሲሆን ነው። ከወረዳ ቢሮ ሆኖ ለመግባት ግን ሌላ ችግር አለ። ብዙ የሞባይል ኔትወርኮች በርካታ ደንበኞችን በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ ሥር ያስቀምጣሉ። በዚህ ምክንያት ከውጭ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ መሣሪያ መጥራት አይቻልም። መፍትሔው መሣሪያው ራሱ ወደ ውጭ እንዲደውልና መስመሩን ክፍት አድርጎ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ለዚህም ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበው ራስቤሪ ፓይ ኮኔክት ነው። በመሣሪያው ላይ ተጭኖ በማኅበሩ ስም ከተከፈተ ሒሳብ ጋር ከተያያዘ በኋላ በላፕቶፕ የኢንተርኔት ማሰሻ በኩል ይገባበታል። ለመጀመር ቀላሉ ይኸው ነው። ሁለተኛው ቪፒኤን የሚባለው ሲሆን ዋየርጋርድና ቴይልስኬል የተባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። በዚህ ዘዴ ላፕቶፑና መሣሪያው የተለያየ ከተማ ቢሆኑም በአንድ ዝግ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሆነው ይገናኛሉ።

ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱንም የጠቀስነው ለመከልከል ነው። የራውተሩን በር ለኢንተርኔት በቀጥታ ከፍቶ መሣሪያውን ማጋለጥ አይገባም። በኢንተርኔት ላይ ክፍት በር እየፈለጉ ሌሊትና ቀን የሚዞሩ ፕሮግራሞች ስላሉ እንዲህ ያለውን በር ለማግኘት ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

9. ከርቀት ሲሠራ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

በአንድ መጋዘን ያጋጠመንን እንደ ምሳሌ እናቀርባለን። ከእኛ አንዱ በቢሮ ተቀምጦ የመሣሪያውን የዋይፋይ ይለፍ ቃል ሲለውጥ አንድ ፊደል ሳተ። መሣሪያው ወዲያውኑ ከኔትወርኩ ተቆረጠ። መጋዘኑ ድረስ የሄድነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። መለካቱ ለመሣሪያው የተሰጠ ሥራ ስለነበር መዝገቡ አልተቋረጠም። ነገር ግን በመካከሉ መብራት ጠፍቶ ስለነበርና ያን ጊዜ የሰዓት መጠበቂያ ስላልገጠምን ቀኖቹ ተሳስተው አገኘናቸው። በክምሩ የላይኛው ክፍል ያለው መለኪያ ከሌሎቹ በልጦ ወጥቷል፤ መቼ እንደጀመረ ግን ከመዝገቡ ማወቅ አልተቻለም። የመጋዘኑ ኃላፊ ያለ ወቅቱ ዝናብ የጣለበትን ሌሊት አስታውሰው ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ አሳዩን። ከላይ ያሉት ጆንያዎች ሲነሡ ርሰው የሻገቱ ተገኙ። ኃላፊው በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ስልክ ተደውሎላቸው ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው እህል ባነሰ ነበር። መሣሪያው ያያል ብለን እርሳቸውን ሳንጠይቅ መቆየታችን የእኛ ጥፋት ነው።

ከዚህና ከመሰል ስሕተቶች የሚከተሉት ትምህርቶች ተገኝተዋል።

ሀ. የኔትወርክ ቅንብር ከርቀት አይለወጥ። የግድ ከሆነ አስቀድሞ ከ10 ደቂቃ በኋላ የቀድሞው ቅንብር እንዲመለስ መሣሪያውን ማዘዝ ነው። ለውጡ ከተሳካ ተመልሶ ገብቶ ትእዛዙን መሰረዝ ይቻላል፤ ካልተሳካ መሣሪያው ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

ለ. ማጥፋትና እንደገና ማስነሣት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ከርቀት የጠፋ መሣሪያ የሚነሣው አንድ ሰው መጋዘኑ ገብቶ ቻርጀሩን ነቅሎ ሲሰካ ነው።

ሐ. መጋዘን ውስጥ ያለ ሰው መሣሪያውን መንቀል ሲኖርበት አስቀድሞ በትእዛዝ እንዲጠፋ መደረግ አለበት። በሥራ ላይ እያለ ኃይል የተቋረጠበት ሚሞሪ ካርድ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህም አንድ ተዘጋጅቶ የተሞከረ ተጠባባቂ ካርድ በመጋዘኑ ይቀመጥ።

መ. የመሣሪያው ፕሮግራሞች በየጊዜው መታደስ አለባቸው። ይህም የሚደረገው በመጋዘኑ አካባቢ ሰው ባለበት ቀን ነው።

ሠ. ንባብ በተጠበቀው ቀን ካልመጣ ዝምታው እንደ ደህንነት አይቆጠር። በዚያው ቀን ለመጋዘን ኃላፊው ስልክ ይደወል።

10. ንባቡ ምን እንደሚነግረን

ከአምስቱ መለኪያዎች አንደኛው በክምሩ መካከል፣ አንደኛው ከርብራቡ በላይ በታችኛው ክፍል፣ አንደኛው በላይኛው፣ አንደኛው ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ በኩል ይቀመጣል። አምስተኛው ከክምሩ ውጭ በመጋዘኑ አየር ውስጥ ይንጠለጠላል። ይህ መደረግ ያለበት ጆንያው ሲደረደር ነው፤ ክምሩ ካለቀ በኋላ ወደ መካከሉ ማስገባት አስቸጋሪ ነው።

የነቀዝ መራባት በተለይ የሚፋጠነው ከ27 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን ከ15 ዲግሪ በታች እጅግ ይዳከማል። ነገር ግን አንድን ቁጥር ለብቻው ከማየት ይልቅ መለኪያዎቹን እርስ በርስ ማስተያየት ይበልጣል። መለኪያዎቹ እያንዳንዳቸው በግማሽ ዲግሪ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ ከ1 ዲግሪ በታች የሆነ ልዩነት ቁም ነገር የለውም። አንዱ መለኪያ ብቻውን ለተከታታይ ቀናት እየወጣ ሄዶ ከሌሎቹ በ3 ዲግሪ ከበለጠ ግን ክምሩ በዚያ ቦታ ተከፍቶ እንዲታይ እንመክራለን።

መሣሪያው የማይነግረን ነገርም አለ። የሙቀት መለኪያ የእህልን እርጥበት አይለካም። በቆሎ ወደ መጋዘን ሲገባ እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ይህም በእርጥበት መለኪያ ተረጋግጦ የሚገባ እንጂ በኋላ በኮምፒውተር የሚታረም አይደለም። በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ በዓይን አይታይም፣ ምግቡ በመቀቀሉም አይወገድም።

11. መጋዘኑ በጋዝ ሲታጠን

ነቀዝን ለማጥፋት የሚሠራበት የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ለሰው ሕይወት እጅግ አደገኛ ከመሆኑም በላይ መዳብን ይበላል። የኮምፒውተር ሰሌዳና የሽቦ መጋጠሚያዎች ደግሞ ያለ መዳብ አይሠሩም። ስለዚህ ከማጠኑ በፊት መሣሪያው በትእዛዝ ጠፍቶ፣ ሰሌዳውና ራውተሩ ከመጋዘኑ መውጣት አለባቸው። የሚመለሱት መጋዘኑ በሚገባ አየር ከገባበትና በሠለጠነ ሰው በጋዝ መለኪያ ተመርምሮ መግባት ከተፈቀደ በኋላ ብቻ ነው። መሣሪያውን ለማስነሣት ተብሎ ማንም ሰው ወደታጠነ መጋዘን እንዲገባ መላክ የለበትም።

12. ማኅበሩ ሊወስናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መሣሪያው ከመተከሉ በፊት የማኅበሩ አመራር የሚከተሉትን ወስኖ በቃለ ጉባኤ እንዲይዝ እንመክራለን።

- የግል ቁልፍ የሚይዙት እነማን ናቸው? ቢያንስ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል።
- ከእነዚህ አንዱ ሲዛወር ወይም ላፕቶፑ ሲጠፋ ቁልፉን በዚያው ቀን የሚሰርዘው ማነው?
- ንባቡን በየሳምንቱ አምጥቶ ለመጋዘን ኃላፊው የሚያነብለት ማነው?
- መለኪያው ከፍ ሲል ክምር እንዲከፈት የማዘዝ ሥልጣን የማነው? በሕግም ሆነ በልማድ ይህ ካልተወሰነ ንባቡ ትክክል ሆኖ ሳለ እህሉ ይበላሻል።
- ለሲም ካርዱ ዳታ በየወሩ የሚሞላው ከየትኛው ሒሳብ ነው?

13. ማጠቃለያ

ትንሽ ኮምፒውተርን በላፕቶፕ ከርቀት መቆጣጠር ለማንኛውም ኮምፒውተር ለለመደ የልማት ሠራተኛ የሚከብድ አይደለም። በቢሮ አዘጋጅቶ መሞከር፣ በቁልፍ መግባት፣ መለካቱን ለራሱ ለመሣሪያው መስጠት፣ ወደ ኢንተርኔት የተከፈተ በር አለመተው፣ ከርቀትም መመለሻ የሌለው ትእዛዝ አለመስጠት ዋናዎቹ ናቸው። ሆኖም በላፕቶፑ ስክሪን ላይ የሚታየው አምስት ቁጥር ብቻ ነው። የሚያፈስ ጣሪያን፣ የተበሳ ጆንያን፣ የአይጥ ዱካንና የሻጋታ ሽታን የሚያውቀው መጋዘኑን በየቀኑ የሚከፍተው ሰው ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የሳምንቱን ንባብ ባመጣ ቁጥር ፋይሉን ከመዝጋቱ በፊት ለመጋዘን ኃላፊው ደውሎ ዛሬ በመጋዘኑ ምን እንዳየ ይጠይቅ፤ የሚነግረውንም ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።